«ከአሥራ አራት ዓመት ውትድርና የተረፈችኝ አንዲት የሆስፒታል ወረቀት ናት»

የአንባቢ ደብዳቤ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርሁ የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች። ዕድሜዬ 67 ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በሚሊሺያነት ታጠቅ ማሠልጠኛ ጦር ሰፈር ገባሁ። ከዚያ ኦጋዴን ዘመትሁ፤ ካራማራ ላይ ነበርሁ። ቀጥሎ ወደ ሰሜን ተላክሁ፤ በ1972 መደበኛ ወታደር ሆንሁ። በ1980 አፋቤት ላይ ግራ እግሬን ፍንጣሪ መታኝ፤ አሥመራ ታክሜ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጦላይ ካምፕ ገባሁ፤ ከዚያ ጥቂት ብርና ስንቅ ተሰጥቶኝ ወደ አገሬ ተሸኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልሠራሁት የቀን ሥራ የለም። ከ2004 እስከ 2011 ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት በጥበቃ ሠርቼ ስልሳ ሲሞላኝ አሰናበቱኝ። አሁን ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ሌሊት እጠብቃለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ብርድ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ባለቤቴም ታማለች። ጡረታ ይሰጠኝ ብዬ ስጠይቅ ሰነድ አምጣ ይሉኛል። ሰነዴ የለም፤ በ2014 ከደሴ ሸሽተን ስንመለስ ቤታችን ተበርብሮ ሣጥናችን ባዶ ነበር። ኪሴ ውስጥ ስለነበረች የተረፈችኝ አሥመራ የታከምሁባት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ እሷም አርጅታለች። ደግሞም ስቀጠር ጸሐፊው የአባቴን ስም ትቶ አያቴን ስለጻፈ ስሜ ከመታወቂያዬ ጋር አይገጥምም።

አሁን ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው 15 ሺህ ብር ከሰጠኸኝ የመሰናበቻ ወረቀት አሠርቼ ጡረታህን አስከብርልሃለሁ አለኝ። አንዲት ላም አለችኝ፤ ልሸጣት ነው። ልጆቼ አይሆንም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ጡረታ ስጠይቅ የለመንሁ ይመስለኛል። አንዳንዱም የተሸነፈ ሠራዊት ወታደር ምን መብት አለው ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

ጋሼ፣

ላሟን አይሽጧት። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ እንነጋገራለን፤ ይህችን ግን የልጅ ልጅዎ ከሁሉ በፊት ታንብብልዎት።

ሰውየው 15 ሺህ ብር የጠየቀዎት ለምን እንደሆነ ረጋ ብለን እንመልከተው። የጡረታ መብት ጥያቄ ለማቅረብ ለማንም የሚከፈል ገንዘብ የለም። ማመልከቻ መጻፍ፣ ፎቶ ኮፒ ማስነሣት፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ወጪው ይኸው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚሄደው ላልነበረ ወረቀት ነው። «የመሰናበቻ ወረቀት አሠራልሃለሁ» ማለቱ ፈጥሬ እሰጥሃለሁ ማለቱ ነው። የጡረታ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የሚቀርብለትን ሰነድ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። ቁጥሩ ወይም ቀኑ ሳይገጥም ቢቀር በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ወንጀል ነውና የሚጠየቀው ስሙ በወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩን ዘግቶ ሌላ ሽማግሌ ፍለጋ ሄዷል። የከፋው ግን ከዚህም ያልፋል፦ እውነተኛው ማስረጃዎ በኋላ ቢገኝ እንኳ አንድ ጊዜ ሐሰት የገባበት መዝገብ ተመልሶ አይታመንም። አሥራ አራት ዓመት በእውነት ያገለገለ ሰው እንዴት በሐሰት ወረቀት ይቀርባል?

ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሰውየው የየትኛው ክፍለ ጦር ነበርህ፣ የመለያ ቁጥርህ ስንት ነው፣ ማን አዛዥህ ነበር ብሎ እንደጠየቀዎት የሚናገር አንድም ቃል የለም። የወታደርን መዝገብ በእውነት ሊያፈላልግ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ፤ «የለመንሁ ይመስለኛል» ወዳሉት። ይህ ቃል ከሌላው ሁሉ በላይ አሳዝኖኛል፤ እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው በየቢሮው በር ላይ ቆሞ «ነገ ና» ሲሉት እሺ ብሎ ይመለሳልና።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ ወታደሩንም ከሲቪሉ ጋር አካትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ መንግሥቱ ተለዋውጧል፤ አዋጁም በ1995፣ በ2003 እና በ2014 እንደገና ተጽፏል። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሰው ጉልበት እያለው ሲሠራ ለነገው የሚሆን ይቀመጥለታል፤ ጉልበቱ ሲደክም ይመለስለታል። እርስዎ የሚጠይቁት ከማንም ኪስ አይደለም። የጡረታ አዋጅ የአገልግሎት ዘመን ይቆጥራል፤ የድልና የሽንፈት ዓምድ የለውም። የተሸነፈ ሠራዊት የሚልዎት ሰው ይህን የሚለው ከሕግ አንብቦ ሳይሆን ከራሱ ቂም አውጥቶ ነው።

ደግሞስ የቱን ሽንፈት? የካቲት 26 ቀን በየዓመቱ የካራማራ ድል ሲታሰብ የሚነሣው የእናንተ ስም ነው። የሰሜኑ ጦርነት የወንድማማቾች ጦርነት ነበር፤ በሁለቱም ወገን የወደቀው የድሃ ልጅ ነው፤ የሚያኮራ ነገር የለውም። ግን በአሥራ ስምንት ዓመትዎ ከወሎ ገጠር ተነሥተው የሄዱት እርስዎ ያንን ጦርነት አልመረጡትም። የታዘዙበት ቆሙ። ቆመውም ቆሰሉ።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አጎቴ እንደ እርስዎ ሰሜን ነበር። ከተበተነ በኋላ ኮምቦልቻ ዳር ቦርከና ወንዝ አጠገብ አሸዋ ሲጭን ኖረ። ስለ ውትድርናው አውርቶ አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ስለ ጡረታ ቢጠይቅ አንዱ ባለጉዳይ «ደርግ ይክፈልህ» ብሎት ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላለፈም። የሞተ ዕለት ከፍራሹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ማኅደር አገኘን፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ የማዕረግ ዕድገት፣ ሦስት ፎቶግራፍ። ሁሉም ነበረው። የጎደለው ደፍሮ ይዞት የሚሄድ ብቻ ነበር። እርስዎ ሰነድ ጠፍቶብዎ እንኳ ይኸው ጠይቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በደብዳቤዎ ውስጥ ችላ ብለው ያለፏቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ለእኔ ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጡት እነርሱ ናቸው። አንደኛው ያቺ የሆስፒታል ወረቀት ናት። ሁለተኛው የኮምቦልቻው ጥበቃ ነው።

ስለ ወረቀቷ ልጀምር። «አርጅታለች» ብለዋል። ታርጅ፤ ዋናው በላይዋ ምን እንደተጻፈ ነው። ወታደር ሲታከም የሕክምናው ክፍል በወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የመጣበትን ክፍል፣ ብዙውን ጊዜም የመለያ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቀንና ማኅተምም አለው። የልጅ ልጅዎ በቀን ብርሃን፣ ቢቻል በአጉሊ መነጽር፣ ፊደል በፊደል ታንብባት፤ የደበዘዘውን ቁጥር ሳይቀር ደብተር ላይ ትገልብጠው። ስድስት ይሁን ስምንት ያልለየ ቁጥር ካለ ሁለቱንም ትጻፍ። ከዚያ በስልክ ጥርት አድርጋ ፎቶ ታንሣት፤ አምስት ስድስት ቅጂም ይነሣ። ዋናዋን ላሚኔት አያስደርጓት፤ ማኅተሙን ለማመሳከር ያስቸግራል። በንጹሕ የፕላስቲክ ማኅደር አስገብተው ያስቀምጧት። ማንም ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን፣ ዋናዋን ተዉልኝና ሂዱ ቢልዎት አይተዉ። አሳይተው፣ ቅጂውን ሰጥተው፣ ዋናዋን ይዘው ይመለሱ።

የቀድሞው ሠራዊት አባላት ማስረጃ የሚጠየቀው በመከላከያ ሚኒስቴር ነው። የጡረታ ጽሕፈት ቤት ከራሱ አውጥቶ ወታደር ነበሩ ሊል አይችልም፤ አሠሪው የነበረው አካል እንዲህ ባለ ቀን ተቀጠረ፣ እንዲህ ባለ ቀን ተለየ፣ ደመወዙ ይህን ያህል ነበር ብሎ ሲጽፍለት ነው ነገሩ የሚጀምረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻዎ ጡረታ ይሰጠኝ አይበል። «የአገልግሎት ማስረጃዬ ከመዝገብ ተፈልጎ ይሰጠኝ» ይበል። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ሽማግሌ ስንት ዓመት እንደተጉላላ አይቻለሁ፤ የሚጠይቀውን ነገር ለማይሰጠው ቢሮ እያቀረበ።

ማመልከቻው ላይ እንባ ሳይሆን ቦታና ዘመን ይብዛ። ታጠቅ የገቡበት ወር፣ የሠለጠኑበት ቡድን፣ ኦጋዴን ላይ የነበሩበት ብርጌድና ሻለቃ፣ ወደ ሰሜን የተዛወሩበት ጊዜ፣ ከሚሊሺያ ወደ መደበኛ የተዛወሩበት ቀን፣ የአዛዦችዎ ስም፣ የቆሰሉበት ስፍራ፣ የታከሙበት ሆስፒታል፣ ጦላይ የገቡበትና የወጡበት ጊዜ። ያስታወሱትን ሁሉ ይናገሩ፤ እሷ ትጻፍ። በአንድ ቀን አይጨርሱት። ቡና ሲፈላ አቦሉ ላይ አንዱ ትዝ ይልዎታል፣ በረካው ላይ ሌላው። በሕይወት ያለ የክፍልዎ ጓደኛ ካለም ፈልገው ያናግሩት። የምስክር ቃል ሰነድን ይተካል ብለው ተስፋ አይጣሉበት፤ ነገር ግን እርስዎ የረሱትን የብርጌድ ቁጥር እሱ ያስታውስ ይሆናል። ለመዝገብ ፈላጊው ደግሞ የሚጠቅመው ያ ቁጥር ነው።

ከሚሊሺያ ወደ መደበኛ የተዛወሩበትን ቀን ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የ1969ን ቢቆጥሩልዎ አገልግሎትዎ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ከ1972 ብቻ ይቆጠር ቢሉም አሥራ አንድ ይሆናል። ለዕድሜ ጡረታ የሚጠየቀው ዝቅተኛው አገልግሎት አሥር ዓመት ነው፤ በየትኛውም ስሌት አልፈውታል። ይህን በአእምሮዎ ይያዙት። ሆኖም ልሸነግልዎት አልፈልግም፤ አሥር ዓመት ማለፍ በሩን ያንኳኳል እንጂ ብቻውን አይከፍተውም። ከሠራዊቱ የተለዩት ዕድሜዎ ደርሶ ሳይሆን በሠላሳ ሁለት ዓመትዎ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ነው። ያ አገልግሎት በየትኛው አዋጅ፣ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነው የመንግሥት ሠራተኞችን ማኅበራዊ ዋስትና የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው። የእርስዎ ድርሻ ጥያቄው በትክክለኛ ማስረጃ ተደግፎ እንዲቀርብና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እርስዎ የተቀጠሩት በ2004። ስለዚህ ከደመወዝዎ በየወሩ ሊቆረጥ ይገባ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ባለው መጠን ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ። የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ካለዎት ይመልከቱት፤ ከሌለዎት የሥራ ባልደረባዎን ይጠይቁ። ሰባት ዓመት ብቻውን አሥር ስለማይሞላ ዘላቂ ጡረታ አያስገኝም። ግን ባዶ እጅም አያስቀርም፤ ዕድሜው ደርሶ አሥር ዓመት ሳይሞላው ለተሰናበተ ሠራተኛ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። ስልሳ ሞላህ ብለው ሲያሰናብቱዎት ይህን የነገረዎት ሰው ነበር? ደብዳቤዎ ምንም ስለማይል አልነገሩዎትም ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በመንግሥት አገልግሎትና በግል ድርጅት የተሠራ ዘመን እንዲደመር ሕጉ መንገድ ከፍቷል። የውትድርና ማስረጃዎ ከተገኘና አገልግሎቱ ተቀባይነት ካገኘ የኮምቦልቻው ሰባት ዓመት ብቻውን አይቆምም። ለብቻቸው ጎዶሎ የነበሩ ሁለት ነገሮች ተደምረው ሙሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን ወደ ታች፣ ሐረጎን ወርደው ወደ ኮምቦልቻ ይሂዱ የምልዎት። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። የቀድሞ ድርጅትዎን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ የተቀጠሩበት ቀን፣ የተሰናበቱበት ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዝዎና የጡረታ መለያ ቁጥርዎ ይጻፍበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው፤ ችሮታ አይደለም። ከዚያ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደው በስምዎ መዋጮ ገቢ መሆኑን ያጣሩ። ተቆርጦ ገቢ ሳይሆን የቀረ ካለ ተጠያቂው አሠሪው ነው፤ እርስዎ ሥራዎን ሠርተዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ «ቆይ፣ ክረምቱ ይውጣ» አይበሉ። የክፍያ ጥያቄዎች የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ አላቸው፤ ከ2011 ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፏል። ጊዜው አልፎበታል የሚል መልስ ቢሰጥዎትም መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ ብሎ ይጥቀስ። በቃል የተነገረን «አይሆንም» ይዞ ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም። የጽሑፍ ውሳኔ የያዘ ሰው ግን የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለው። አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል ካሉም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው። የሕግ ሰው ካስፈለገዎት ለጠበቃ ገንዘብ ከማሰብዎ በፊት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሉን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ፤ እንዲህ ላለ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ትምህርት ቤቶች በር ክፍት ነው።

የትም ቢሮ ማመልከቻ ሲያስገቡ ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱን ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ይምታበት። አዲስ አበባ ድረስ በዚያ እግር አይጓዙ፤ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል ለወጣትም ይከብዳል። የመከላከያውን ማመልከቻ መጀመሪያ ከደሴ ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ፣ ማለትም ደረሰኝ በሚሰጥበት የአደራ ፖስታ፣ ይላኩት፤ ደረሰኙን ከሆስፒታሏ ወረቀት ጋር ያስቀምጡ። መሄድ ግድ ከሆነ መዝገብዎ መገኘቱን በስልክ ካረጋገጡ በኋላ፣ ከልጆችዎ አንዱን አስከትለው ይሂዱ።

የስሙ ጉዳይ እንደሚያስቡት የከፋ አይደለም። በወሎ ይህ የገጠመው የዘመኑ ወታደር ጥቂት አይደለም፤ የምልመላ ጸሐፊ እንደሰማው ይጽፍ ነበርና። አንዳንዱ በአያቱ ስም ተጻፈ፣ አንዱ ሙሐመድ የነበረው መሐመድ ሆነ፣ አንዱም ጭራሽ ሌላ ስም ይዞ ወጣ። አሁን ግን ተሳስቶ የተጻፈውን ለመምሰል ብለው መታወቂያዎን እንዳያስለውጡ፤ የፋይዳ መታወቂያ ካወጡማ ጨርሶ አይንኩት። የሚያስፈልግዎት በሁለቱ ስሞች የተጠራው አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ምስክር ይዘው ይቀርባሉ፤ የእናትዎ ልጅ፣ የሰፈርዎ ሰው፣ አብሮ ዘማች ቢገኝ ደግሞ እሰየው። ይህን የሚያደርጉት መዝገብዎ ከተገኘ በኋላ ይሁን፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ በትክክል እንዴት እንደተጻፈ ሳያዩ ውሳኔ ቢያሰጡ አንድ ፊደል ተሳስቶ እንደገና ይመለሳሉ። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ እንጂ መታወቂያዎ ላይ ያለው አይደለም፤ ሁለቱ ቢለያዩ አይደንግጡ።

ስለ እግርዎ ደግሞ ይህን ልበል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠው ጡረታ የአሥር ዓመት አገልግሎትን አይጠይቅም፤ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑንና የሕክምና ቦርድ የወሰነውን የጉዳት መጠን ነው የሚመለከተው። እርስዎ ታክመው ወደ ክፍልዎ ስለተመለሱ ቀላል ጥያቄ አይሆንም። ቢሆንም ያቺ ወረቀት በእጅዎ እያለች ሳያነሱት አይለፉ፤ በማመልከቻው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይሁንለት።

ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል፤ ምናልባትም ከዓመት ያልፋል። እስከዚያ መብላትና መታከም አለ። ወደ ቀበሌዎ ሄደው ስለ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው፤ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው ተከፍሎላቸው የሚታቀፉበት መንገድ አለ፤ የባለቤትዎ ሕክምና በዚህ ይቃለላል። ሁለተኛው የከተማ ሴፍቲኔት ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ስም ዝርዝር የሚወጣው በሰፈር ኮሚቴ ነውና ሰፈርዎ ችግርዎን ይወቀው። ጋሼ፣ ጎረቤት «እሳቸው ደህና ናቸው፣ ላም አላቸው፣ ሥራም አላቸው» ብሎ ዝም የሚለው እርስዎ ዝም ስላሉ ነው። እግርዎን ያሳዩአቸው።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር፤ የአጎቴን ሚስት እያሰብኩ ነው። ባሏ ሲሞት ማኅደሩ ሙሉ ነበር ብያለሁ። እሷ ግን በሸሪዓ ኒካሕ ታስሮላት ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ጋብቻቸው የትም አልተመዘገበም ነበር። ባለ ጡረታ ሲሞት ሕጋዊ ሚስቱ የአበሉን ግማሽ የማግኘት መብት አላት፤ ይህ መብት ግን ሚስት መሆኗን በሰነድ ለምታስረዳ ነው። እርስዎ ኒካሕ ያሰሩበት ወረቀት ካለ ያውጡት፤ ከሌለም ምስክሮቹ በሕይወት እያሉ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄደው ያስመዝግቡ። ጡረታው ተፈቀደም አልተፈቀደም ይህ ሥራ ባክኖ አይቀርም። ሁለታችሁም በእግራችሁ መሄድ በምትችሉበት በዚህ ወር ይሁን።

ደላላው ተመልሶ ሲመጣ ብዙ አያናግሩት። «መዝገቤን ራሴ እያስፈለግሁ ነው» ይበሉት፤ ይበቃዋል። የከፈሉት ቀብድ ካለም ልጆችዎ ባሉበት ይጠይቁት። ቁጥሩን ከወረቀቷ ላይ ካነበባችሁት በኋላ ማመልከቻውን አርቅቃችሁ ላኩልኝ፤ ከመላኩ በፊት ከልጅ ልጅዎ ጋር ሆኜ መስመር በመስመር አየዋለሁ።